በሁለት ሆድ የዋለ ፕላስተር

በብሎካችን ማክሰኞና ዓርብ የፕላስተር ቀን ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የየቤቱ በር ባለቤቷን በስሟ ጠርቶ አሮጌውን እንድትልጥ፣ አዲሱን ከእምብርቷ በታች እንድትለጥፍ ይነግራታል። ያልለጠፈች ሴት በሩ አይከፈትላትም ማለት አይደለም፤ ይከፈታል። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው፤ ቀስ ማለቱን ደግሞ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ዘመኑ 2066 ነው፤ እዚህ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ካርባ አምስት በላይ የሆንን ሴቶች የምንታወቀው በልጆቻችን ስም ሳይሆን በማረጥ መድኃኒታችን ነው። ማራማዊት ባለ ጄሏ ናት። በየጠዋቱ ክንዷን ተቀብታ እስኪደርቅ ድረስ እጆቿን እንደ ዶሮ ክንፍ ገልጣ ኮሪደሩ ላይ ትንጎራደዳለች። የልጅ ልጇ ሮጣ ልታቅፋት ስትል «አትንኪኝ፣ አትንኪኝ» እያለች ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ጄሉ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይሄዳልና። ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት፣ አያት የሚታቀፈው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መሆኑን አውቃለች። ቤተል ደግሞ ባለ ቀለበት ናት። ቀለበቱ የት እንደሚገባ ለማያውቅ ሰው እኔ አልናገርም። በሦስት ወር አንዴ እንደምትቀይረው ግን በሯ ጮክ ብሎ ስለሚያስታውሳት የአስረኛ ፎቅ ወንዶች ሳይቀሩ ያውቃሉ።

እኔ ሃሴት ባለ ፕላስተር ነኝ። አምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ እጠግናለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት በዕጢ ምክንያት ማህፀኔ ስለወጣ የሚሰጠኝ ኤስትሮጅን ብቻ ነው። ግድግዳ የምትጋራኝ ኤልዳና አምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሷም ባለ ፕላስተር ነበረች። እሷ ግን ማህፀን ስላላት ከፕላስተሩ ጋር ማታ ማታ የምትዋጥ አንዲት የፕሮጄስትሮን ኪኒን ነበረቻት። ይህችን ኪኒን ልብ በሉልኝ።

ኤልዳና የምሥራቁን መስመር ባቡሮች መቆጣጠሪያ ወንበር ላይ ሆና የምትጠብቅ ሴት ናት። ወንበሩም እሷን ይጠብቃታል። ወላፈን የምንለው፣ ድንገት ከደረት ተነስቶ እስከ ጆሮ የሚነድ ሙቀት አለ፤ ማረጥ ያመጣብን ጣጣ ነው። ወንበሩ በሳምንት ሦስት ወላፈን ከቆጠረ በማግስቱ ሴቲቱ ስትቀመጥበት አይበራም። ወንበሯ ያልበራላት ሴት ስሟ ወደ ዕረፍት ዝርዝር ይሄዳል። ዕረፍት ዝርዝር የገባ ሰው ደግሞ እዚህ አይኖርም፤ ብሎኩ የሠራተኛ ነው። እንዲህ ሆነው የሄዱ ስድስት ሴቶች አውቃለሁ። ስንሰነባበት «እንጠያየቃለን» ተባብለን ነበር። የት ሄጄ እንደምጠይቃቸው ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። ኪኒኗ እንቅልፍ ታመጣለች። ኤልዳና ማታ ውጣት ጠዋት ወንበሩ ላይ ዓይኗ እየተከደነባት ስትቸገር፣ ማንንም ሳታማክር ተወቻት። ብልቃጡ ግን ይቆጥራል። በሃያኛው ቀን እሜቴ መዝገብ ተናገረች። እሜቴ መዝገብ የምንላት የጤና ጣቢያችንን መዝገብ የምትይዘው፣ በየበራችን የምታወራው ድምፅ ናት፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። «ፕሮጄስትሮን ሳይወሰድ ኤስትሮጅን አይሰጥም» ብላ የኤልዳናን ሣጥን ዘጋች። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አስራ ሁለት ገጽ ልካላታለች። አስራ ሁለት ገጽ ማን ያነባል?

ወላፈኑ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። በስድስተኛው ቀን ግድግዳዬ ሦስቴ ተንኳኳ፤ በረንዳ ላይ እንገናኝ ማለታችን ነው።

«ሃሲ፣ አንድ ፕላስተር አበድሪኝ» አለችኝ።

«ሽንኩርት መሰለሽ?»

«ሽንኩርቱንማ ባለፈው ወስጄ አልመለስኩም።»

«የእኔ ስም ያለበት ነው እኮ። አንቺ ላይ አይነቃም።»

«አንቺ ላይ ይንቃና ከዚያ ስጪኝ።»

እንዲህ ነው የሆነው። በየማክሰኞውና በየዓርቡ ንጋት ፕላስተሩ አንድ ሰዓት ያህል በእኔ ሆድ ላይ ይሞቃል፤ ማንነቴን ካወቀ በኋላ ከጫፉ ላጥ አድርጌ በበረንዳው አጥር ላይ አቀብላታለሁ። እሷም እዚያው ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ትለጥፍና ወደ ባቡሯ ትሮጣለች። የእኔ ወላፈን ቀላል ነው፤ ቢመጣም የሚያየኝ የስፌት መኪናዬ ብቻ ስለሆነ፣ መስኮት ከፍቼ አንገቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደርጋለሁ። ጎረቤት ሲቸገር ያለውን ይሰጣል፤ እናቶቻችን ጨውና ክብሪት ተበዳድረው ነው የኖሩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ፕላስተሩ የሚልከውን እያነበበ የቤቴ በር ጠዋት ጠዋት ያመሰግነኝ ጀመር። «ሃሴት፣ ትናንት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል፤ ልብዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው።» ከስፌት መኪናዬ እስከ ምድጃዬ ስምንት እርምጃ ነው። ለኤልዳና ስነግራት እየሳቅን፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅናሽ ባቡር ወደድሽ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ሰባት ወር ሳቅን።

በግንቦት አንድ ዓርብ በረንዳው ላይ ፕላስተሩን ስትቀበለኝ፣ አጠገቧ ሰው ያለ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቤትሽ ሞዴስ ይኖራል?» አለችኝ።

«የማህፀን ባለቤት አንቺ፣ ሞዴስ የምትለምኚው እኔን? ሁለት ዓመት ሆኖሽ የለም እንዴ ካቆመሽ?»

«ተመለሰ። ልጅ ሆንኩልሽ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ባል እንፈልግልሽ» ብያት ሳቅን። ያን ቀን የሳቅኩት ሳቅ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ አለ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አሁንም ይፈሳል። በዓርቡም። ፊቷ የቆየ ሰም መስሏል፤ አጥሩን ስትይዝ ጥፍሮቿ ነጭ ናቸው። ፕላስተሩን ልሰጣት እጄን ዘርግቼ ሳለ ያቺ ከስምንት ዓመት በፊት ከቀዶ ሕክምና ስነቃ አጠገቤ የነበረች ነርስ ትዝ አለችኝ። «አንቺ ተገላገልሽ» ነበር ያለችኝ። «ኤስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያበቅላል፤ ፕሮጄስትሮን ነው የሚገታው። ማህፀን ያላት ሴት ብቻውን ከወሰደችው ሽፋኑ እየወፈረ ይሄድና አንድ ቀን ካንሰር ይሆናል። አንቺ የሚበቅልብሽ የለም።» የዚያን ጊዜ ለራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሌላ ሰው አላሰብኩትም።

እጄን መለስኩ።

«ምነው?» አለች።

«ኤልዱ፣ ይህ ፕላስተር የእኔ ነው። ኪኒን የለውም።»

«እኔም ኪኒኑን አልፈልግም፤ ለዚህ አይደል የወሰድኩት።»

የነርሷን ነገር ነገርኳት። ሲያልቅ «ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?» አለች።

«ጣቢያው ውረጂና ታዪ።»

«ስወርድ ምን ብዬ? ሰባት ወር የሰው ፕላስተር ለጥፌ ወንበሩን አታለልኩት ብዬ? ያን ዕለት ነው ዕረፍት ዝርዝር የምገባው። ሃሲ፣ ከዚህ ከወጣሁ የት እንደምገባ አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። የስድስቱንም አላውቅም።

«ትንሽ ቀን ስጪኝ። ራሱ ያቆማል። ለማንም እንዳትናገሪ። ማይልኝ።»

«እምላለሁ።»

«እንዲህ አይደለም። ‹ኤልዳና ትሙት› በይ።»

እኛ አገር ሰው በራሱ አይምልም፤ በሚወደው ሰው ነው የሚምለው። ብዋሽ እከሌ ትሙት ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምላሱ ይታሰራል። ዓይኖቿን አየኋቸውና «ኤልዳና ትሙት» አልኩ። ፕላስተሩን ከእጄ ወስዳ ለጠፈችው። እኔም አልከለከልኳትም።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ስሜን ጠራ። «ሃሴት፣ የደም መፍሰስ ምልክት ተመዝግቧል።»

ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ቆምኩ። እሜቴ መዝገብ አየች ማለት ነው። ፕላስተሩ ከኤልዳና ሆድ ላይ ሆኖ ደሟን አንብቦ በእኔ ስም ልኮታል። እኔ ሳልናገር፣ መሐላዬም ሳይፈርስ፣ ራሳቸው መጥተው ነገሩን ሊያገኙት ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ለዚያች ድምፅ ፍቅር ተሰማኝ።

ድምጿ ቀጠለ። «በመዝገብዎ መሠረት ማህፀን የለዎትም። ምልክቱ ስህተት ስለሆነ ታርሟል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

እሑድም እንዲሁ አለች፤ ተመዝግቧል፣ ስህተት ነው፣ ታርሟል። ሰኞ ደግሞ መመዝገቡንም ሳትነግረኝ መልካም ቀን ብቻ ተመኘችልኝ። ስህተቱን ለምዳዋለች። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ኤልዳና የምትታጠብበት ውሃ ይፈሳል፤ ይቆምና እንደገና ይፈሳል። አንዲት ሴት ከግድግዳው ማዶ እየደማች ነው፤ ከሰው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የምታውቀው ማሽን ደግሞ በየጠዋቱ እየፋቀችው ነው። ብትሞት እንኳን የምትሞተው በእኔ ስም ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ሱሪ እያጠበብኩ ስለሆነ፣ ሞቷም ስህተት ተብሎ ይታረማል። በመርፌው ጣቴን ወጋሁ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነው። ፕላስተሩን አቀበልኳት፤ ብከለክላት ትጠረጥረኛለች። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከበረንዳዬ አየኋት፤ ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሦስት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው ወረድኩ።

ጣቢያው ምድር ቤት ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ መቀመጫና አንድ መስታወት አለ፤ ድምጿ ያው የቤቴ በር ድምፅ ነው።

«ሃሴት፣ እንኳን ደህና መጡ። በምን ጉዳይ ነው?»

«በደሙ። ስህተት አይደለም። ደሙ እውነት ነው።»

«ማህፀን የለዎትም።»

«እሱንማ ከአንቺ በፊት አውቃለሁ። ደሙ የእኔ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው።»

«እዚህ የሚቀርበው የራስዎ ሰውነት ጉዳይ ነው። የሌላ ሰው ሰውነት ጉዳይ በባለቤቱ ይቀርባል።»

«ባለቤቷ አትመጣም።»

«ካልመጣች ጉዳይ የለም።»

ስም ሳልጠራ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንዲት ሴት አልኩ፣ አንዲት ዘመዴ አልኩ፣ ብትታይ ምናለበት አልኩ። ሁሉንም በትሕትና መለሰችልኝ። ላብ ጀመረኝ። ከደረቴ ተነሳ፣ አንገቴን አለፈ፣ ጆሮዬ ነደደ። ሰባት ወር ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር የደበቅኩት ወላፈን እሷ ፊት መጣብኝ።

«የሰውነትዎ ሙቀት እየጨመረ ነው» አለች። «ፕላስተርዎ ግን ሙቀት የለም ይላል።»

ላቤን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ፕላስተርዎ በአሁኑ ሰዓት ከዚህ አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። እርስዎ ደግሞ እዚህ ነዎት። ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው።»

«የትኛው?»

«ፕላስተርዎ ለሰባት ወር ያለማቋረጥ መዝግቧል። እዚህ ያለው አካል ግን በሰባት ወር ውስጥ አንድም መረጃ የለውም።» ጥቂት ቆየች፤ መቆየት የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። «እዚህ ያለው አካል ስህተት ተብሎ በአስር ሰከንድ ውስጥ ይታረማል።»

መታረም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደሙን እንዳረመችው ታርመኝ ይሆን? ከነገ ወዲያ በሬ የማንን ስም ይጠራል? መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አየኋት፤ ቀልታለች፣ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። መስታወቱ ላይ እየቀነሰ የሚሄደው ቁጥር ስድስት፣ አምስት ይላል። እኔ ከታረምኩ የኤልዳናን ደም የሚያውቅ አይኖርም። ምላሴ ላይ ያለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትሙት ብያለሁ።

«ኤልዳና ናት» አልኩ። «ፕላስተሩ ያለው ኤልዳና ላይ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ። የምትደማው እሷ ናት።»

ቁጥሩ ሁለት ላይ ቆመ።

ከመስታወቱ ጎን በር መኖሩን ያወቅኩት ሲከፈት ነው። አንዲት ነርስ ወጣች፤ ሰው ናት፤ በእጇ ያልጨረሰችው ዳቦ አለ። ሰው መሆኗን ሳይ እንባዬ መጣ።

«ስንት ወር ለጠፈች?»

«ሰባት።»

«ፕሮጄስትሮን?»

«አንድም አልዋጠችም።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከዚህ በላይ ብትቆይ…» አለችና ሳትጨርሰው ወደ ውስጥ ተመለሰች።

የኤልዳና ወንበር መብራት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከሥሯ ጠፋ። ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧት። ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር፤ በአጠገቤ ስታልፍ አየችኝ። የሚያስፈራ ዓይን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። አኩርፋኝ አይደለም። ፈርታኝ ነው።

ከማህፀኗ ሽፋን ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ተባለ። ዘጠኙንም ቀን ግድግዳው ዝም አለ። ማራማዊት ክንዷን ዘርግታ ስትንጎራደድ በሬ ጋ ስትደርስ ፈጠን ማለት ጀመረች። ቤተል ሰላም ስትለኝ ቀለበቷ እንዳይሰማት የፈራች ይመስል በሹክሹክታ ሆነ። እኔ ሱሪ ማጥበብ ትቼ እቆጥራለሁ። ትሙት ያልኩት ዓርብ ነው፤ ያፈረስኩት ማክሰኞ ነው። መሐላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚይዝ የሚያውቅ ሰው ፈለግኩ፤ እሜቴ መዝገብን እንዳልጠይቃት እንዳትመዘግበው ሰጋሁ።

በአስረኛው ቀን ግድግዳው ሦስቴ ተንኳኳ።

በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፕላስተር የለም፤ አንገቷ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ፤ የእኔን ዘዴ ወርሳለች።

«ሽፋኑ ወፍሯል» አለች ሳታየኝ። «ካንሰር ግን አልሆነም። ‹እስካሁን› ብላኛለች ነርሷ። ኪኒኗን በየማታው ሳላጓድል እውጣለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይቆነጥሩኛል። እስከዚያ ስሜ ‹በምርመራ ላይ› ይባላል፤ ከቤቴ አያስወጡኝም። ያኔ ነጻ ከሆንኩ ወንበሬን መልሰው ሊሰጡኝ ይችላሉ። እስከዚያ ባቡር ጣቢያ ወለል አጥባለሁ፤ በንጋት ነው።»

«ኤልዱ…»

«ትሙት ብለሽ ምለሽ ነበር።»

«ምዬ ነበር።»

«በእኔ።»

«በአንቺ። ሌላ ሰው ብታስመርጪኝማ አማቴን እመርጥ ነበር።»

አልሳቀችም። ከንፈሯ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ እሱን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ አሁን የምፈራው ይህንን ነው። ኪኒኗ አሁንም እንቅልፍ ታመጣለች፤ ኤልዳና አሁንም በንጋት ትነሳለች። ብልቃጡ የሚቆጥረው የወጣውን እንጂ የተዋጠውን አይደለም። አውጥታ ውሃ መውረጃው ውስጥ ብትጥላት እሜቴ መዝገብ «ተወስዷል» ብላ ትጽፋለች፤ መልካም ቀንም ትመኝላታለች። ስለዚህ በየምሽቱ ራት ከበላሁ በኋላ ግድግዳውን አንኳኳለሁ።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«ምላስሽን አውጪ።»

«በግድግዳ ነው የምታዪው?»

ትናንት ግን ድምጿ ወዲያው አልመጣም። ቆየ። አንዳች ነገር ውሃ መውረጃው ላይ ቀጭ ያለ መሰለኝ፤ ማንኪያም ሊሆን ይችላል።

«ዋጥሽ ወይ?» አልኩ።

«ውጫለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ማይልኝ።»

ከግድግዳው ማዶ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ አፏን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ቀስ ብላ «ሃሴት ትሙት፣ ውጫለሁ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ስነቃ፣ በሩ ስሜን ሳይጠራ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ይመታል። እየዋጠች ነው ማለት ነው። ነገም እንዲሁ አዳምጣለሁ።